እማማ አርካዲ ፈተና ገቡ

ቤታቸው ሩሲያኛ ለሚነገርበት ተማሪዎች በሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ውስጥ፣ ያውም የሩሲያ ስደተኞች በሞሉበት በብሩክሊን፣ አንድ የአያት ልጅ አይጠፋም። እኛ ቋንቋውን የለቀምነው ከወላጆቻችን ጭቅጭቅ ነው። የአያት ልጅ ግን አፉን በሩሲያኛ ሲከፍት ሰማንያ ዓመት ይሞላዋል።

የእኛው አርካዲ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ጢሙ የተንዠረገገ ጎረምሳ ነው። ሩሲያኛ ያስተማረችው አያቱ ፋይና ብቻ ስለሆነች ከምክርና ከቁጣ ሌላ አያውቅም። ስለዚህ "እማማ አርካዲ" ብለን ሾምነው፤ ሹመቱ ስላማረበትም አንቱ እንለዋለን።

እማማ አርካዲ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ መስኮት ይዘጋሉ። የመረብ ኳስ ተጫዋቿን ዣናን ደረጃ ላይ ተቀምጣ ካገኟት "ከሲሚንቶው ላይ ተነሺ፣ ብርዱ ማህፀንሽ ይገባል፤ ነገ መውለድ አለ" ይሏታል። ስለ ምርጫ ተከራከሩ ሲባሉ፣ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ሌቦች መሆናቸውን ገልጸው ወደ ጎመን ሾርባ አሠራር ተሻገሩ።

በመጨረሻ መምህራችን ታማራ ሎቮቭና አመረሩ። የቃል ፈተናው ስለ ኢኮኖሚ ነው፤ አርካዲ አንዲት የወጥ ቤት ምክር ካመለጠችው እንደሚወድቅ በሁላችን ፊት ነገሩት። ከወደቀ ዘንድሮ አይመረቅም። ፋይና ደግሞ የምርቃቱን ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች፤ ጎረቤቱንም ሁሉ ጠርታለች።

የፈተናው ዕለት እማማ አርካዲ ስለ ቤት ኪራይ መናር እንደ ሚኒስትር ተናገሩ። ሊጨርሱ ነው ስንል ታማራ ሎቮቭናን ሳል ያዛቸው። እማማ እንዳልሰሙ ሆነው ቀጠሉ። መምህርቷ ደግመው ሳሉ። የእማማ ግንባር በላብ ተጠመቀ፤ "የዋጋ ግሽበቱ" ብለው ጀመሩና ተዉት። መስኮቱን ዘጉ፣ ከፔርሙሳቸው ሻይ ቀዱ፣ ያመጡትን የእንጆሪ ማርማላታ ጨመሩበት።

"ጠጪ፣ የኔ ልጅ" አሉ። "ኢኮኖሚው የትም አይሄድም።"

ሁላችንን የሚያንቀጠቅጡት ሴት ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ሻርፔን ረስቼ ወጥቼ ነው" አሉ፣ ሲያጠፋ እንደተያዘ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው። ጠጥተው ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ስለ ኪራዩ ያልከው ይበቃል። አልፈሃል።"

ኮሪደር ላይ እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ስጠጋ፣ እማማ አርካዲ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ከስተሃል። ቁርስ በልተሃል?"

ጥግብ እስክል በልቼ ነበር። ግን አያቴ ባለፈው ክረምት ካረፈች ወዲህ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ ናፍቆኛል።

"አልበላሁም" አልኩና ቁጣውን ልሰማ ቆሜ ጠበቅሁ።