ኤልባ ላይ የገደልኩት ንጉሠ ነገሥት

ለመሆኑ አውቃችሁ ተሳስታችሁ ታውቃላችሁ? ሳያውቁ መሳሳትማ የማንም ነው። አውቆ መሳሳት ግን ንባብ ይጠይቃል። እኔ ለዚህ ማዕረግ የበቃሁት ጅቡቲ፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ፣ የአሠሪዬን የሐጂን መጻሕፍት አቧራ እያራገፍኩ ዘጠኝ ዓመት በማንበብ ነው።

መጻሕፍቱ ጀርባቸው በወርቅ ቀለም የተጻፈ የፈረንሳይኛ ኢንሳይክሎፒዲያ ናቸው። ሐጂ የገዛቸው ከመጋረጃው ጋር ስለሄዱለት ይመስለኛል፤ አንዱንም ሲገልጥ አላየሁም። የመጻሕፍቱ ቁምሣጥን ቁልፍ በእኔ ኪስ፣ ፓስፖርቴ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ደግሞ በእሱ ወገብ ነበር።

እህቴ ድሬዳዋ ሆስፒታል ተኝታ «ሳልሞት ድረሽ» ብላ ባስደወለች በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ሐጂ ቤት በርጫው ላይ ክርክር ተነሣ። ዋተርሉ ላይ የተሸነፈው የፈረንሳዮች ንጉሠ ነገሥት የት ሞተ? ሐጂ ኤልባ ደሴት ነው አለ። ጓደኛው፣ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር፣ ወላሂ ሴንት ሄሌና ነው፣ ከኤልባማ አምልጧል ብሎ ተሟገተ። የተረታ የነገውን ጫት ይገዛል ተባለ። መቼስ ምርቃና የያዘው ሰው እንኳን ከጓደኛው ከጥላውም ይሟገታል።

ቀዝቃዛ ውሃ ይዤ ስገባ ሐጂ አስቆመኝ። ይህች ሐበሻ መጻሕፍቴን ስትሰልል ነው የምትውለው፣ እሷ ትፍረድ አለ። ዓይን ዓይኔን እያየም፣ ደህና አድርገሽ ከፈረድሽ ፓስፖርትሽን ዛሬውኑ እሰጥሻለሁ አለኝ። ደህና ፍርድ ለማን የሚፈረድ እንደሆነ ለማወቅ ኢንሳይክሎፒዲያ ማገላበጥ አያስፈልግም።

«ኤልባ» አልኩ።

መምህሩ መጽሐፉ ይውጣ ብሎ ጮኸ። ቁምሣጥኑ አራት እርምጃ አይርቅም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እንደ ፍም አቃጠለኝ። ጠፍቷል አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እህቴ ግን የምታድርበት ጊዜ አልነበራትም።

ሐጂ ጭኑን እየመታ ሳቀ። እንዲህ ያለች ሊቅ በጅቡቲ ማን ቤት አለች እያለ ተኩራራ። ፓስፖርቴስ ስለው፣ አብደሻል እንዴ፣ እንዳንቺ ያለችውን ማን ይለቃል፣ የሚመጣው ዓርብም ክርክር አለ አለኝ።

መምህሩ ጫማውን ሲያጠልቅ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብሎ፣ ኤዶ፣ አንቺም እኮ ታውቂያለሽ አለኝ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስቴ ማለት ነው። አውቃለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ከኤልባ ሲያመልጥ ፓስፖርት የጠየቀው እንዳልነበረም አውቃለሁ።

እህቴ ሰኞ ተቀበረች።

ፓስፖርቴን ያገኘሁት ሐጂ ሲሞት ነው፤ ልጆቹ መሳቢያውን ሲያጸዱ፣ ዘመኑ አልፎበት። እንደ ሃይማኖታቸው ደንብ ተሰልፈው አባታችንን ይቅር በይልን አሉኝ። ይባረኩና ጨዋ ልጆች ናቸው። እኔ ግን እሱንም፣ እውነቱን ለጆሮዬ ብቻ የተናገረውን መምህርም፣ ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ይዛ ጠፍቷል ያለችውንም ሴት ይቅር አልልም።