እትዬ አትክልት ቲያትር ሲያዩ

ቲያትር ቤት ገብቶ አፉን ይዞ የሚወጣ ሰው ትኬት ገዛ እንጂ ቲያትር አላየም። ይህ የእኔ ሳይሆን የጎረቤቴ የእትዬ አትክልት እምነት ነው። እንደ እሳቸው ያለ ተመልካች የሌለበት አዳራሽ መቼም የለም፤ ተዋናዩን ይመክራል፣ ተዋናይቷን ያስጠነቅቃል፣ መጋረጃ ጀርባ የተደበቀውን ይጠቁማል። በእኛ ሰፈር በቡራዩ ይህን ሥልጣን ጠቅልለው የያዙት ክብርት እትዬ አትክልት ናቸው።

ልዩ ሙያቸው የሚማግጥ ባል ነው። ተዋናዩ ገና ኮቱን ሲያወልቅ «ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም» ይላሉ። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠማ አለቀለት። አንዴ «ስብሰባ ነበረኝ» እያለ ሚስቱን ለሚያታልል ተዋናይ «በእሑድ?» ብለው ከአራተኛው ረድፍ ቢጮኹበት፣ ልጁ ደንግጦ «ቅዳሜ ማለቴ ነው» አለ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ብድግ ብለው እጅ የነሱት እሳቸው ናቸው።

እኔም ለዓመታት ስስቅ ኖሬያለሁ። ሳቄ የቆመው አምና ጥቅምት ሱሉልታ ላይ ነው። ለሚስቴ ለላሊሴ «የመስክ ሥራ አለብኝ» ብዬ፣ ሐኒ ከምትባል የድሮ ወዳጄ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ከአንድ ምሳ ቤት ስንወጣ፣ እትዬ አትክልት ቅቤ ገዝተው ታክሲ ይጠብቃሉ። አዩኝ። እጃችንንም አዩ። «ወንዲ፣ ደህና ዋልክ?» አሉኝና ታክሲ ውስጥ ገቡ።

ሐኒን በዚያው ተውኳት፤ ፍርሃቱ ግን እኔን አልተወኝም። ለመድረክ ባል ያልራሩ ሴት ለእኔ ምን ያራራቸዋል? በር በተንኳኳ ቁጥር ከላሊሴ ቀድሜ ለመክፈት እሮጣለሁ። ላሊሴ «እትዬ አትክልት እኮ...» ብላ ወሬ ስትጀምር የያዝኩትን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። ወሬው ስለ በርበሬ ሆኖ ያርፋል።

በጥር የእድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ነገሳ «ዘንድሮ ሽርሽሩ ይቅርና ቲያትር እንይ» አሉ። እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሆነን ፒያሳ ደረስን። እኔ፣ ከጎኔ ላሊሴ፣ ከእሷ ቀጥሎ እትዬ አትክልት ተቀመጥን። ቲያትሩ ስለ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሚስቱን ስለሚያታልል ባል።

እትዬ አትክልት ግን ትንፍሽ አላሉም። ባልየው ዋሸ፤ ዝም። ውሽማው መጣች፤ ዝም። ኦቦ ነገሳ ከኋላ ጎንበስ ብለው «አመመሽ እንዴ?» እስኪሏቸው ድረስ ዝም አሉ። በመጨረሻ መድረኩ ላይ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ባልየው «በሐሰት ነው የተከሰስኩት» ብሎ ማለ። ዋናው ሽማግሌ ጋቢውን አስተካክሎ «ለመሆኑ ምስክር አለ?» አለ።

«አለ!»

እትዬ አትክልት ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። መውጫውን ባየው በእኔና በበሩ መካከል የሰባት ሰው ጉልበት አለ።

«በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን አልናገርም» አሉ ወደ መድረኩ። «የሰው ትዳር በጎረቤት አፍ አይፈርስም። ራሱ ይናገር! ሚስቱማ ታውቃለች፤ የምትጠብቀው ከእሱ አፍ እስክትሰማ ነው።»

«ዱጋ! እውነት ነው!» አሉ ኦቦ ነገሳ። ተዋናዩ አንገቱን ደፋ፤ ድርሰቱ ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም። ቀስ ብዬ ወደ ላሊሴ ዞርኩ። የምታየው መድረኩን አልነበረም፤ እኔን ነው።

ቤት እንደገባን ጫማዬን ሳላወልቅ ሁሉንም ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ስልክህን ገልብጠህ ማስቀመጥ ከጀመርክ ጀምሮ።»

«እትዬ አትክልት ናቸው የነገሩሽ?»

«እሳቸው አንድም ቃል አልነገሩኝም። ቲያትር ማየት የተማርኩት ግን ከእሳቸው ጋር ነው።»

ሁለት ወር ሆለታ እናቷ ቤት ተቀመጠች። ልትመለስ የቻለችው በሽማግሌ ነው፤ ከሽማግሌዎቹ አንዷ ማን እንደነበሩ መገመት አያቅትም። ከላሊሴ ጋር አሁንም እንጠነቃቀቃለን፤ ስልኬ ግን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛል።

የእትዬ አትክልትን ትኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ። ከኋላ «ኧረ እኚህን ሴትዮ ዝም አሰኙልን!» የሚል ሲመጣም የምቆጣው እኔው ነኝ።

«ይጩኹ፣ ተዋቸው» እለዋለሁ። «ዝም ሲሉ አላየሃቸውም።»