ኑረዲን ጎመን ሲረጭ

ጆሃንስበርግ የምንኖር ሐበሾች የምንፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥይት። እገሌ ሆስፒታል ገባ ከተባለ «ምን አሞት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «የቱ ጋ መቱት?» ነው የምንለው። ሌላው በሽታ ሁሉ ሌላ አገር ያሉ ሰዎችን የሚይዝ ይመስለናል።

ወዳጄ ኑረዲን ጻካኔ በሚባል ሰፈር የነበረውን ሱቁን የዘጋውም በዚሁ ፍርሃት ነው። ዘራፊዎች ዳግመኛ ሲመጡበት ሚስቱ ዘይነባ «በቃ! ጎመን ሽጉጥ አይዝም» አለችና፣ ከኮዝሞ ሲቲ ወዲያ ቁራሽ መሬት ተከራይተው ጎመንና ቃሪያ ማብቀል ጀመሩ። ሐበሻ በሚበዛበት ሜይፌር ያሉት ምግብ ቤቶቻችን ይረከቡታል፣ እኔም ሱቄ በር ላይ እደረድርለታለሁ። ሰውየው እንቅልፍ አገኘ። ወፈረ። ቀናንበት።

እስቲ ቋንቋችንን ታዘቡልኝ። ተባይ የሚፈጀውን መርዝ «መድኃኒት» እንለዋለን። መድኃኒት ከተባለ ደግሞ ማን ይፈራዋል? ኑረዲን ትል ጎመኑን ቢበላበት ከመንገድ ዳር መድኃኒት ገዛ፤ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀዳ፣ ምንም ያልተጻፈበት። በውሃ በጠበጠና መርጫውን በጀርባው አዝሎ በዚያ ነፋስ ጎመኑ መሃል ገባ። መርጫው ከታች ያንጠባጥብ ነበር። ጀርባው ሲርስ ላብ መሰለው። የሚሠራ ሰው ያልበው የለ!

ዘይነባ ምሳውን ይዛ ስትመጣ የጎመኑ መደብ መሃል ተንበርክኮ አገኘችው። ዓይኑ ያነባል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።

«ፀሐይ ነው» አላት፣ እንዳትደነግጥ ብሎ።

ልታነሳው ጀርባውን ስትይዝ መዳፏ ራሰ። አሸተተችው። ላብ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ጎረቤታቸው ማማ ታንዲ ናት። ያቺ ድምፅዋ ከጓዳ የማያልፍ ሴት የባሏን ሸሚዝ ከነቁልፉ ቀደደችው። ሱሪውንም ገፈፈችው። የአትክልቱን ቱቦ ከፍታ፣ ዱዓ እያደረገች፣ እያለቀሰች፣ እንደ ሕፃን በሳሙና አጠበችው። ማማ ታንዲ በዙሉኛ «ሃይቦ!» ብላ ብርድ ልብስ ይዛ ሮጠች። ጠቅልለው በልጇ ባኪ፣ በዚያች የጭነት መኪና፣ ጫኑትና ሆስፒታል አደረሱት።

እኛም ከሜይፌር ግር ብለን ደረስን። ጥያቄያችን ያው የተለመደው ነበር።

«የመታውስ ጎመን ነው» አለች ዘይነባ።

ነርሷ አልሳቀችም። እንዲህ ሆነው የሚመጡ የእርሻ ሠራተኞች እንዳሉ፣ ፀሐይ ነው፣ ድካም ነው ሲባል ጊዜው የሚያልፍባቸውም እንዳሉ ነገረችን። «እሱን ቶሎ መታጠቡ ጠቀመው» ብላ ወደ ዘይነባ አየች። ዘይነባ አንገቷን ደፋች። እኔ ያን ቀን የበላሁትን ሰላጣ ማን ረጭቶት እንደሆነ ሳስብ ዋልኩ። የእኛስ ሰው ሚስት ነበረችው፤ ከመደብ መሃል የሚያነሳው የሌለውስ?

ከሆስፒታል በወጣ ማግስት ልጠይቀው ሄድኩ። ፊቱ ገርጥቷል፣ ግን ይናገራል። በእጁ ጠራኝና ጆሮዬ ሥር ተጠጋ።

«ማማ ታንዲ... አይታኛለች?»

«ምኑን?»

«ያው... ስታጠብ።»

«አንተ ሰው፣ ልትሞት እኮ ነበር!»

«እሱስ አልሐምዱሊላህ አለፈ። አይታኛለች ወይ ነው የምልህ?»

ለካ ዘይነባ ጓዳ ሆና ሰምታለች። ያ ሁሉ ከሆነ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ረዘመ፣ ረዘመና ወደ ልቅሶ ዞረ። ኑረዲን ግድግዳውን እየተደገፈ ሄደና ጓዳው በር ላይ ቆመ። ማባበል የሚያውቅበት ሰው አይደለም።

«ጓንት እገዛለሁ» አላት።

«ጭምብልም» አለች እየተንሰቀሰቀች።

«ጭምብልም።»

«ቦቲም።»

«ቦቲም፣ ዘይኔ።»

በስንት ሰርግ ቤት ስንት የፍቅር ዘፈን ሰምቻለሁ። የዚያን ቀኑን የሚያህል ግን አልሰማሁም። ጫማዬን አጥልቄ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላቸው።