ከባላንጣዬ ጋር በአንድ ወንበር

አውቶብስ ላይ አጠገብህ የሚቀመጠውን ሰው አንተ አትመርጠውም። አንዱ ትከሻህ ላይ ያንኮራፋል፣ ሌላው ስንቁን ጉልበትህ ላይ ፈትቶ ይበላል። ሲመርርህ ግን ተነስተህ ሌላ ቦታ ትፈልጋለህ። እኔ እንደሱ አልቻልኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶብስ ስሳፈር፣ አጠገቤ ከተቀመጡት ሰው ጋር ጋቢ ለጋቢ ተቋጥሬ ነበር።

ሳቅ፣ ግዴለም። እኔም ዛሬ እስቃለሁ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን አገሩን ይዞ ሳለ ነው። መንደራችን ቀየት ውስጥ ከእናቴ የቀረችኝ አንዲት የገብስ ማሳ ነበረች። ጎረቤታችን አያ ሽብሩ «የኔ ናት» ብለው ከሰሱኝ። ማሳዋ ከሄደች እኔ ምን አለኝ? ትምህርቱን እንደሆነ ዳዊት ሳልጨርስ ከየኔታ አለንጋ ሸሽቼ ትቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከገበያ ገበያ ስዞር፣ በቅሎ ሳሻሽጥ፣ በሰው ሠርግ ላይ ስዘፍን ነው የኖርኩት። ዳኛው ዋስ ጥራ ሲሉኝ መንደርተኛው ሁሉ የገዛ እግሩን ማየት ጀመረ። ምን ያድርግ? ዛሬ ቢዋሰኝ ነገ የት ያገኘኛል?

ማሳዋን ድሮ ያካፈሉት መነኩሴ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ይኖሩ ነበር። ዳኛው ሁለታችሁም ሄዳችሁ ስሙ፣ እሳቸው ያሉት ይጸናል ብለው ፈረዱ። ዋስ ያጣ ሰው ደግሞ ከከሳሹ ጋር መቆራኘቱ ያገር ሕግ ነው። ደግሞም አንዳችን ቀድመን ደርሰን መነኩሴውን እንዳናባብል ነው። የአያ ሽብሩን ጋቢ ጫፍ ከኔው ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩትና፣ ቋጠሮውን መንገድ ላይ የፈታ ይረታል አሉ።

እስከ ደብረ ብርሃን በእግራችን ነው የሄድነው። ሲቀመጡ እቀመጣለሁ። ዞር ማለት ሲፈልጉ ፊቴን ወደ ተራራው አዙሬ እቆማለሁ። ዳገት ላይ ግራ ጉልበታቸው እንደሚንቀጠቀጥ፣ ዳቦ ሲበሉ በቀኝ በኩል ብቻ እንደሚያኝኩ አወቅሁ። የምትከራከረውን ሰው እንዲህ ማወቅ ጥሩ አይደለም። ንዴትህን ያሳሳብሃል።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ የአውቶብሱ በረኛ ቋጠሮውን አየና እስረኛው የትኛችን እንደሆንን ጠየቀ።

«እሳቸው ናቸው!» አልኩ።

«እኔማ ከሳሽ ነኝ!» አሉ አያ ሽብሩ።

ከኋላችን እትዬ ዘነቡ ቆመዋል። የቀየት ቅቤ ነጋዴ ናቸው፣ የሰፈራችን ወሬ ሁሉ በሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። «ኧረ እንደ ጥማድ በሬ በሩን አትዝጉብን፣ ቅቤዬ ቀለጠ!» ብለው ጮኹ። በደብረ ብርሃን ብርድ ቅቤ ሲቀልጥ ያየ ካለ ይንገረኝ።

አውቶብሱ ሲነሳ አያ ሽብሩ አማተቡና ጉልበቴን ጨምድደው ያዙ።

«አንተ፣ ይሄ ነገር መቆም ያውቃል?»

«ፍሬን የሚባል አለው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው።»

«ሰው ያለውን ሁሉ እያመንክ ነው እዚህ የደረስከው» አሉና ወዲያው ትውከታቸው መጣ። የት ላይ እንዳረፈ አልነግርህም። ጋቢው የጋራ ነበር።

ሸኖ ኬላው ላይ ቆምን። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚና አንድ ወታደር ገብተው የይለፍ ወረቀት ጠየቁ። አያ ሽብሩ ከጉያቸው አወጡ። እኔ የለኝም። ወረቀት የሚሰጠው ለተመዘገበ ነው፣ የተመዘገበ ደግሞ ለመንገድ ሥራ ይጠራል። ብልጥ ነኝ ብዬ ሳልመዘገብ ቀርቻለሁ።

በመስኮቱ ስመለከት ሦስት ጎረምሶች የፊጥኝ ታስረው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ቀና ብሎ አየኝ። በዕድሜ ከኔ አይበልጥም። ያኔ ወረቀት የሌለው የመንዝ ጎረምሳ ስሙ ሽፍታ ነው። ሽፍታ የተባለ ወዴት እንደሚወሰድ ደግሞ ጠይቆ የተመለሰ አልነበረም።

«ይሄስ ማነው?» አለ አስተርጓሚው።

አያ ሽብሩ «አላውቀውም» ቢሉ በቃ። ጉለሌ መሄድ ቀርቶ ማሳዋ እዚያው የሳቸው ናት። እኔ ብሆን ምን እል ነበር? ይሄንን እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፣ መልሱንም አልወደውም።

አያ ሽብሩ ግን «ልጄ ነው» አሉ። «በማርያም ልጄ ነው!»

«ታዲያ ለምን ከአንተ ጋር ታሰረ?»

«እብድ ነው፣ ጌታዬ። እንጦጦ ጸበል ልወስደው ነው። ወረቀት ቢሰጡት ይበላዋል።»

ክርናቸው ጎኔ ውስጥ ገባ። እብድ ምን ያደርጋል? እኔ የማውቀው የሠርግ ዘፈን ነው። ተነስቼ ወታደሩን ሙሽራ አድርጌ በሙሉ ድምፄ አሞገስኩት። ወታደሩ ወደ በሩ አፈገፈገ። እትዬ ዘነቡ ከኋላ «አይ ምስኪን! ጨረቃ ስትሞላማ እኮ ይብስበታል!» ብለው አገዙኝ። አስተርጓሚው እየሳቀ ወረደ።

አውቶብሱ ተነሳ። ሦስቱ እዚያው ቀሩ።

«አያ ሽብሩ፣ ለምን?» አልኳቸው ሸኖን ስንርቅ።

«ዝም በል፣ እብድ አይጠይቅም።»

ጉለሌ ደረስን። መነኩሴው ሁለታችንንም ሰሙና ማሳዋ የአያ ሽብሩ ናት አሉ። ለእናቴ የተሰጠቻት በሕይወት እስካለች እንድትጠቀምባት ብቻ ነበር። ተረታሁ። ቋጠሮው መንገዱን ሙሉ ጠብቆ ስለነበር ሁለታችንም ጎንበስ ብለን በጥርሳችን ነው የፈታነው። ከዚያ ጋቢዬን አጣፋሁና ልወጣ ስል፣

«የት ልትሄድ ነው?» አሉኝ።

«ወደ መሰለኝ። አሁን ምን አለኝና?»

«በማርያም ስም ልጄ ነው ብያለሁ። በስተርጅና በሐሰት የማልኩ ልታደርገኝ ነው? ና እንሂድ። ክረምት ደርሷል፣ ያቺ ማሳ አራሽ ትፈልጋለች።»

ስንመለስ ሸኖን በእግር ዞረን አለፍናት፣ ያለ ቋጠሮ። ይኸው ማሳዋን የማርሰው እኔ ነኝ፣ ገብሱንም አብረን እንበላለን። ጠፍቼ መሄድ እችል ነበር። እግሬ እንደ ድሮው ያሳክከኛል፣ ግን ያ ግራ ጉልበታቸው ትዝ ይለኛል።

እትዬ ዘነቡ ግን ቀድመውን ቀየት ገብተው ወሬውን አዳርሰው ኖሯል። አያ ሽብሩ አውቶብሱ ላይ ስለኔ ሁለት ነገር ተናግረዋል። ልጄ ነው ያሉትን በማርያም ምለውበታል፣ ቀየት እስከ ዛሬ አላመነም። እብድ ነው ያሉትን አልማሉበትም። አንድም የተጠራጠረ የለም።