ልጄን እንቅልፍ ይፋግ ወሰዳት

በአገራችን የተኛ ሰው ጠበቃ የለውም። ያጠፋውም የሰከረውም «ምን ያድርግ፣ ሰው ነው» የሚልለት አያጣም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተኝቶ የተገኘ ግን አለቀለት፤ ሰነፍ ነው። እንቅልፍ የሞት ታናሽ ወንድም ነው ብለን ተርተንበት፣ ታላቁን ስለምንፈራ ታናሹን እናሳድደዋለን። በትልልቅ ሰዎች ላይ ሲሆን ግድ የለኝም፤ እኔም በየስብሰባው የድርሻዬን የማሸልብ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የሚያንገበግበኝ ነገሩ ልጆች ላይ ሲደርስ ነው። ልጅ መተኛት አለበት ለማለት ስንት ዲግሪ ያስፈልጋል? እዚህ ፎገራ ሜዳ ላይ ጡት ጠብታ ጋደም ያለች ጥጃን በአርጩሜ የሚቀሰቅስ ገበሬ አይቼ አላውቅም። ቢኖርም ጎረቤቶቹ ዝም አይሉትም።

ይህ በደረሰብን ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ወደ ወረታ ተዛውሬ ነበር። ልጄ ውባለም አስረኛ ክፍል ናት። አስረኛ ክፍል ያኔ ክፍል ብቻ አልነበረም፣ ችሎት ነበር፤ በብሔራዊ ፈተናው ያለፈ መሰናዶ ይገባል፣ የወደቀውን ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ያጽናናዋል። የትምህርት ቤቷን ስም አልጠራም፤ ሰው ላስቀይም አልመጣሁም። ይህ ትምህርት ቤት ታዲያ አንድ ወሬ ሰማ። ሌላ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ጎህ ሳይቀድ እያስጠና ብዙ ልጅ አሳለፈ የሚል ወሬ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤ የእኛዎቹም ጎህ ሳይቀድ ማጠናከሪያ ትምህርት ጀመሩ። ከዚያ መደበኛው ትምህርት ይቀጥላል። ከሰዓት ማካካሻ አለ። ማታ ደግሞ «አንድ ለአምስት» የሚባለው የቡድን ጥናት አለ፤ አንዷ ጎበዝ አምስቱን ታስጠናለች ተብሎ ስድስቱም አንድ መብራት ሥር ተቃቅፈው የሚያንቀላፉበት። ቅዳሜም አይቀርም፤ እሑድም የቡድን ጥናቱ አለ።

ጅቦቹ ወደ ጉድጓዳቸው ሲመለሱ እኔና ልጄ ከቤት እንወጣለን። እኔ ዱላ ይዤ፣ እሷ ደብተሯን ታቅፋ። መንገድ ላይ አንዳንዴ ክንዴን ይዛ ዓይኗን ጨፍና ትሄዳለች። ተማሪ ቤት አደርሳለሁ ብዬ የወጣሁት ሰውዬ ዓይነ ስውር የምመራ እመስላለሁ።

ሳቂታ የነበረችው ልጅ ሳቋን ተወችው። ጉርሻ እጇ ላይ እንዳለ ታንቀላፋለች። ታናሽ ወንድሟ ጫማዬን ረገጠብኝ ብላ ሬሳ የወጣ ይመስል ታለቅሳለች። የሒሳብ መምህሯ አስጠርተውኝ «ልጅዎ ስንፍና ጀምራለች» አሉኝ። ሲነግሩኝ የእሳቸውም ዓይን ቲማቲም መስሏል፤ እሳቸውስ በዚያ ሰዓት እየተነሱ አይደል የሚያስተምሩት? ያልተኛ ሰው ያልተኛችውን ልጅ ሰነፍ ሲላት ቆሜ ሰማሁ።

አንድ ቅዳሜ፣ ከማጠናከሪያው በኋላ፣ የወለደች አክስቷን ጠይቃ እንድትመጣ ሐሙሲት ላክናት። ከሐሙሲት ወረታ ምን መንገድ ነው? ከሰዓት ትመለሳለች አልን። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች፣ ውባለም የለችም። አክስቷ ጋ ስንደውል «ኧረ ከሄደች ቆየች፣ ሚኒባስ ላይ ራሴ ነኝ ያሳፈርኳት» አለች።

ሴት ልጅ ያለው ሰው በዚያች ደቂቃ ምን እንደሚያስብ አልነግራችሁም። ባለቤቴ ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ምንም አልቀራትም። እኔ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ያገኘሁትን ሾፌር ሁሉ ስጠይቅ፣ ከአዲስ ዘመን የተመለሰ የአንድ ሚኒባስ ረዳት «ቀይ ሹራብ የለበሰች ተማሪ? ይፋግ አውርደናታል» አለኝ፤ ከረጢት አወረድኩ እንደማለት።

«ወረታን አልፋ ይፋግ ምን ልታደርግ?» አልኩት።

«እኔ ወረታ ወራጅ ብዬ ጮኼያለሁ። አጠገቧ የነበሩት ሰውዬም ነካ አድርገዋታል። እሺ አለችና መልሳ ተኛች። መንገድ ላይ ሳያት የወረታ ሰው መሆኗ ትዝ አለኝና ይፋግ ላይ አወረድኳት። ስትወርድም ዓይኗን አልገለጠችም።»

ዱላዬን ይዤ ስላልመጣሁ ፈጣሪ ይመስገን። የመጣውን መኪና ይዤ ይፋግ ደረስኩ።

ልጄን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለ የእህል ሱቅ ደጅ ሰው ተሰብስቧል። ውስጥ፣ በሩዝ ጆንያዎች ላይ፣ ውባለም ጋቢ ለብሳ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ተመስገን ብዬ ልቀሰቅሳት እጄን ስዘረጋ፣

«እጅህን ሰብስብ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የሱቁ ባለቤት ናቸው። እትዬ የሺ ይባላሉ፤ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ የእህል ነጋዴ ሁሉ የሚፈራቸው ሴት።

«እትዬ፣ አባቷ ነኝ» አልኩ።

«እንዴት አድርጌ ልመን?»

የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን አወጣሁ። ለአንዱ ጎረምሳ ሰጥተው አስነበቡት። «ይሄ መንግሥት ቤት መሥራትህን ይናገራል። ልጅ አለው ይላል?»

አይልም። በሕይወቴ መታወቂያዬ እንደዚያን ቀን ባዶ ሆኖብኝ አያውቅም።

«እንዲያው አባቷ ብትሆንስ፣» ቀጠሉ፣ «ምን ብታሠራት ነው እንዲህ የሆነችው? ከመኪና ወርዳ ደጄ ላይ ቁጭ አለች። ውኃ ሰጠኋት፣ ጣሳውን እንደያዘች ተኛች። አንስቼ እዚህ አስተኛኋት። በእንቅልፏ ‹አቤት ቲቸር› ትላለች። ማነው ቲቸር? እሱን አምጣልኝ።»

ስለ ማጠናከሪያው፣ ስለ ማካካሻው፣ ስለ አንድ ለአምስቱ አስረዳሁ። ለልጆቹ የወደፊት ሕይወት ታስቦ ነው አልኩ። ስናገረው ለራሴም አልጣመኝም። እትዬ የሺ ሰምተው ሲያበቁ «በሬ እንኳ ውሎ ይፈታል» አሉ። «ይችን መቼ ነው የምትፈቷት?»

ንዴቴን ልደብቃችሁ አልችልም። የገዛ ልጄን አልቀሰቅስም? በየትኛው ሕግ? ግን ሰዉ ሁሉ ከእሳቸው ጋር ቆሟል። አንዱ ሽማግሌ «ተው ልጄ፣ ከጠገበች ትነሳለች» አሉኝ። ለባለቤቴ ደወልኩላት። መገኘቷን ስነግራት አለቀሰች። ቀጥላ ቶሎ ኑ አለች።

«ተኝታለች» አልኳት።

«ቀስቅሳታ።»

«አልፈቀዱልኝም።»

«እነማን?»

«ባለ ሱቋ።»

«እግዜር ይስጣቸው። እንግዲያው ተዋት» ብላ ዘጋችው።

አንዱ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? የልጄን ፊት አየሁት። ለካ ማጠናከሪያው ከተጀመረ ወዲህ በደንብ አላየሁትም፤ ጎህ ሳይቀድ ጨለማ ነው፣ ማታ ደብተር ላይ ተደፍታለች። ጉንጮቿ ጎድጉደዋል። ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። ተኝታ ግን ሕፃን ሳለች የነበራት መልክ ተመልሶላታል።

መሸት ሲል ራሷ ነቃች። አየችኝ። የት እንዳለች አልጠየቀችም። እንዴት መጣህም አላለችኝም። እየተርበተበተች ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች «አባዬ፣ ረፈደብኝ?» አለችኝ።

እትዬ የሺ ፊታቸውን ወደ ጆንያዎቹ አዞሩ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማዋን አቀረብኩላት።

በማግስቱ እሑድ እስክትጠግብ ተኛች፤ የቡድን ጥናቱ ቀረባት። ሰኞ ወላጅ አምጪ ተባለች። እኔም ሳይጠሩኝ ልሄድ ቆርጬ ነበርና ሄድኩ፤ የወላጆች ስብሰባ ይጠራልኝ ብዬም አፋጠጥኩ። ተጠራ። ሆዴ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። አንዲት እናት ልጃቸው እያንቀላፋ ምጣድ ላይ ሊወድቅ ሲል መትረፉን አወሩ። አንድ ልብስ ሰፊ ልጁ ልብሱን ገልብጦ ለብሶ ትምህርት ቤት መዋሉን ተናገረ። አዳራሹ ሳቀ። ርዕሰ መምህሩ ጨዋ ወጣት ናቸው። አንድም ቃል ሳያስተባብሉ ጻፉ፤ ገንቢ አስተያየት ነው ብለው አመሰገኑን፤ ከአመራሩ ጋር ተወያይተን መልስ እንሰጣለን አሉ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ለካ ሰው ከተናገረ ይሰማል፣ አልኩ ለባለቤቴ።

ሳምንት ሳይሞላ ተጠራን። ጉዳዩ በጥልቀት መገምገሙን፣ አቅጣጫም መቀመጡን ርዕሰ መምህሩ አበሰሩን። ችግሩ ተማሪዎች ስለ እንቅልፍ ያላቸው የግንዛቤ ክፍተት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ በእንቅልፍ ጥቅም ላይ ግንዛቤ የሚያስጨብጥ ክበብ ተቋቁሟል። ልጄ ውባለም በዘርፉ ካላት ተሞክሮ የተነሳ ሰብሳቢ ሆና በሙሉ ድምፅ ተመርጣለች። ተጨበጨበ። እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ።

ክበቡ መቼ ነው የሚሰበሰበው ብዬ ጠየቅሁ።

የቀኑ ክፍለ ጊዜ ሁሉ የተያዘ በመሆኑ፣ አሉ ርዕሰ መምህሩ በትሕትና፣ ከማጠናከሪያው ትምህርት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። የክፍሉ ቁልፍ በሰብሳቢዋ እጅ ስለሚሆን ደግሞ፣ እሷን ከሌሎቹ አስቀድሜ እንድቀሰቅሳት አደራ አሉኝ።