ውብና ጠቃሚው የመኝታ ቤት ስጦታ

ከተማችን እንጅባራ ብዙ ነገር ታድላለች። ውሃ አላት፣ ደን አላት፣ ፈረስ አላት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብርድ አላት። ይህን ሁሉ የሰጣት ፈጣሪ ነው። ዕቅድ ግን የሰጧት አቶ ይኸነው ናቸው።

አቶ ይኸነው ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ናቸው። እኔ የሥራ ባልደረባቸውም የአጥር ጎረቤታቸውም ስለሆንኩ ትልቅነታቸውን ከሁለት አቅጣጫ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። ቢሮ ያለ ዕቅድ እስክሪብቶ አያነሱም፤ ቤታቸውም እንደዚያው ነው። አንድ ክረምት ጣራቸው ሲያፈስ፣ ባልዲ ከማስቀመጣቸው በፊት ችግሩን በአጭር፣ በመካከለኛና በረጅም ጊዜ መፍትሔ ከፋፍለው ሰነድ አዘጋጁለት። ፍሳሹ አልቆመም። ሰነዱ ግን እስከ ዛሬ አለ፣ ትንሽ ረጥቧል እንጂ።

አምና ኅዳር መጨረሻ ላይ እኚህ ሰው በስልካቸው አንድ ቪዲዮ ያያሉ። አንዲት ቆንጆ ሴት ብቅ ብላ፣ ለገና በዓል ለመኝታ ቤት ውብና ጠቃሚ ስጦታ የማይሰጥ ባል ገና አልሠለጠነም ትላለች። አቶ ይኸነው ሁለት ጊዜ አዩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሊያዩት ሲሉ ኔትወርኩ ጠፋ፤ የጠፋው ግን ከረፈደ በኋላ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የቤተሰብ ጉባኤ ተጠራ። የጉባኤው አባላት ሁለት ናቸው፤ አቶ ይኸነውና ባለቤታቸው እታለማሁ። እኔ በታዛቢነት ተጋብዤ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየበላሁ ታዘብኩ።

«የዕለቱ አጀንዳ» አሉ አቶ ይኸነው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ለመኝታ ቤታችን ውብና ጠቃሚ የገና ስጦታ መምረጥ ነው። ተሳታፊዎች በነፃነት ሐሳብ ስጡ።»

ተሳታፊዋ በነፃነት ሰጠች። «ብርድ ልብስ።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ወፍራም ብርድ ልብስ። ያለን እኮ የሰርጋችን ነው፤ መሐሉ ሳስቶ ወንፊት ሆኗል። ጉልበቴን ከአገጬ ጋር አጋጥሜ ነው የማድረው። ወገቤ አለቀ፣ ይኸነው።»

እውነቱን ልናገርና አንጀቴን በላችው። አቶ ይኸነውም ሳያዝኑ አልቀሩም፤ ራሳቸውን ደጋግመው ነቀነቁ። ከዚያ በደብተራቸው ላይ ጻፉና የጻፉትን አነበቡልን። «ሐሳቡ በግብዓትነት ተወስዷል።»

መሥሪያ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አንድ ሐሳብ በግብዓትነት ተወሰደ ማለት፣ ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ያየው የለም ማለት ነው።

ለገና ሳምንት ሲቀር ወደ ሙሐመድሰዒድ ሱቅ ሄድን፤ እሳቸው ለመምረጥ፣ እኔ ለመሸከም። ሙሐመድሰዒድ በገበያው ጥግ መጋረጃና የአልጋ ልብስ የሚሸጥ፣ ለደንበኛው እውነቱን የሚናገር ነጋዴ ነው። በዚህ ጠባዩ እንዴት እስከ ዛሬ እንዳልከሰረ አላውቅም። ገና ሰላምታችን ሳያልቅ አንድ ወፍራም ቡናማ ብርድ ልብስ አውርዶ ዘረጋ።

«ይሄን ይውሰዱ፣ አቶ ይኸነው። እኔም ቤት ያለው ይሄው ነው። ባለቤቴ ሀሊሜ ይሄን ከለበሰች ወዲህ ስለ ብርድ አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም።»

«ጠቃሚ ነው» አሉ አቶ ይኸነው በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው። «ውብ ግን አይደለም።»

«መብራት ከጠፋ ማን ያየዋል?»

«መስፈርቱ ውብና ጠቃሚ ነው የሚለው። አንዱን ያላሟላ ከውድድሩ ውጭ ነው።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አረፈ። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንዠረገገበት፣ አራት ጣት በማይሞላ ርቀት አበባ የተጠለፈበት። እኔም ብሆን አይቼው ደነገጥኩ።

«ያስ ምንድን ነው?»

«ያ እንኳ አልጋ ከተነጠፈ በኋላ ግርጌው ላይ ጣል የሚደረግ ነው።»

«ይሞቃል?»

«አይሞቅም ጌታዬ። ማታ ይነሳል፣ ጠዋት ይመለሳል።»

«ታዲያ ጥቅሙ?»

«ማማር።»

የአቶ ይኸነው ፊት በራ። ወደ እኔ ዞረው «ሰማህ?» አሉኝ። «ጥቅሙ ማማር ከሆነ፣ ካማረ ጠቀመ ማለት ነው። ሁለቱንም መስፈርት በአንድ ጊዜ አሟላ!»

ሙሐመድሰዒድ እኔን አየኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። እሱም ጠቅልሎ ሰጠን።

የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ርክክቡ ተፈጸመ። አቶ ይኸነው ቆመው፣ ስጦታው የመኝታ ቤቱን ገጽታ ከመገንባት አኳያ ስለሚኖረው ፋይዳ ሰፋ ያለ ንግግር አደረጉ። እታለማሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰማቻቸው። ሲጨርሱ ከፋዩን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገችው፤ እግሯ ወጣ። ወደ እግሯ መለሰችው፤ ትከሻዋ ቀረ።

«ያምራል» አለች በቀስታ። «ብርድ ልብሱስ?»

«በቀጣዩ የዕቅድ ዘመን በትኩረት ይታያል።»

አልተጣላችም። ጋቢዋን አጥብቃ ተከናንባ ዳቦ ልትቆርስ ወጣች፤ ስታልፈኝ ዓይኗ ውሃ አቅርሮ ነበር። ያን ጊዜ ከምር ተናደድኩ። ግን የታዛቢነት ሥልጣኔ ከመታዘብ አያልፍም።

ከምሳ በኋላ የእታለማሁ አባት አባባ ደረሰ ከጥርባ በኩል ዳማ ፈረሳቸውን ጭነው መጡ። አባባ ደረሰ ስለ አንድ ሰው ሲነገራቸው ከስሙ በፊት የፈረሱን መልክ የሚጠይቁ ፈረሰኛ ናቸው። ልጃቸው ፈረስ ላይ መውጣት የማይችል፣ ሽማግሌ እንኳ በባጃጅ የላከ ሰው ማግባቷ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሆዳቸው አልወጣም። ሲመጡ ለአማቻቸው ከ«እንዴት ዋልክ» ያለፈ ቃል የላቸውም።

እሳቸው ደግሞ በእንግድነት ሲሄዱ ኮርቻቸውን ደጅ አያስቀምጡም። እንደ ልማዳቸው ከዳማው ጀርባ አውርደው፣ በክብር ሊያኖሩት ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

«እሰይ! እሰይ! እታለማሁ! ነይማ ልጄ!»

ከፋዩን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው ወጡ።

እዚህ ላይ ለሩቅ አገር ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ አገር፣ ጥር ሃያ ሦስት የጊዮርጊስ ጉግስ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ዘርፍ ያለው ቀይ ከፋይ ያየ ሰው ስለ አልጋ አያስብም። ስለ ግላስ ነው የሚያስበው፤ ስለ ፈረስ ጌጥ።

«ለዳማዬ ነው አይደል?» አሉ። «እንዲህ ያለ ግላስ ፈረሴ ከተወለደ ለብሶ አያውቅም።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ ለመኝታ…» ብለው ጀመሩ አቶ ይኸነው።

«ተወኝ፣ አትናገር። ልጄን ፈረስ ለማያውቅ ሰው ሰጠሁ እያልኩ በየሄድኩበት ሳማህ ኖሬያለሁ። ይቅር በለኝ!» አሉና አንገታቸው ላይ ጥምጥም ብለው ሳሟቸው። ሽማግሌው አለቀሱ።

አቶ ይኸነው በአማታቸው ትከሻ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አልኳቸው።

እታለማሁ ግን ፈጠን አለች። «አዎ አባዬ፣ ለዳማው ነው። ከሱቅ ሱቅ ዞሮ ራሱ ነው የመረጠው። ውብም ነው ጠቃሚም ነው ብሎ።»

ተያይዘን ወጣን። ከፋዩ ዳማው ላይ ሲጣል ለክቶ የሰፋው ሰው ያለ ይመስል ነበር። ፈረሱም አንገቱን ቀና አደረገ። በዚያ ቤት ስጦታው የገባው የመጀመሪያው ፍጡር እሱ ነው።

አባባ ደረሰ ፈረሳቸውን ካለበሰላቸው ሰው ቤት ባዶ እጃቸውን የሚወጡ ሰው አይደሉም። ለመንገዱ ብርድ ተከናንበውት የመጡትን ባና አወለቁ። ከራሳቸው በጎች ጠጉር የተሠራ፣ ጋደም ላለ ሰው እንደ ጎጆ የሚሆን ወፍራም ባና ነው። አቶ ይኸነው በደስታ እጃቸውን ዘረጉ።

«ላንተ አይደለም» አሏቸው አማታቸው፣ እጃቸውን በፍቅር ወደ ጎን እያደረጉ። «አንተ ከእንግዲህ ፈረሰኛ ነህ፤ ፈረሰኛን ብርድ አያሸንፈውም። ይሄ ለልጄ ነው።»

ጥር ሃያ ሦስት ደረሰ። ዳማው ሜዳው ላይ ሲወጣ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ «ግላሱ የማን ነው?» ተባለ፤ አባባ ደረሰ አማቻቸውን በክንዳቸው ይዘው ከፈረሰኞቹ መሐል አቆሟቸው። አቶ ይኸነው ከፈረሱ ኋላ እግር ትንሽ ራቅ ብለው ስለ ባህላችን ንግግር አደረጉ። ማታ ደብተራቸውን ከፍተው «የመኝታ ቤት ስጦታ ዕቅድ አፈጻጸም፦ መቶ በመቶ» ብለው እንደጻፉ በኋላ ራሳቸው አሳይተውኛል።

በማግሥቱ ማለዳ ሣሩ ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኗል። አጥሬ ሥር ፊቴን ስታጠብ የአቶ ይኸነው ድምፅ በመስኮታቸው በኩል መጣ። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

«እታለማሁ… ባናውን በጋራ የምንጠቀምበትን ሁኔታ ብናመቻች ብዬ… ሐሳብ አቀርባለሁ።»

ቀጥሎ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ሰው በሙቀት ተጠቅልሎ ወደ ግድግዳ ሲዞር የሚሰማው ዓይነት ነው። ከባናው ውስጥም የእታለማሁ ድምፅ ወጣ፣ የደላውና እንቅልፍ የጠገበ ድምፅ።

«ሐሳብህ በግብዓትነት ተወስዷል።»