በሦስት ሴኮንድ የተሳልኩት ጥላ

ልጅ የወለደች ሴት «እኔ ቁማር አላውቅም» ብላ ባትምል ይሻላታል። እኔማ ምዬ ብቻ ሳይሆን ፈርሜ ነው የተያዝኩት።

ኦሎምፒኩ ካልጋሪ በመጣበት ዓመት ልጄ ራሔል ለኮሌጇ ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር። አንድ ቀን ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት ይዛ መጣች። የስድስተኛ ክፍል ትምህርቴ ለእንዲህ ያለው እንግሊዝኛ ስለማይበቃ እሷው አነበበችልኝ። ተጫዋችም ሆነች ቤተሰቧ በጨዋታ ውጤት ላይ ዋጋ ያለው ነገር ማስያዝ አይችሉም፤ ቤተሰቧ ይህን ያደረገባት ልጅ ከቡድኑ ትባረራለች። ጎሽ! ቁማር ድሮም አልወድም። የሰላም ውል እንደሚፈርም ንጉሥ ብዕሩን አሽከርክሬ ፈረምኩ።

ቅዳሜ ለፍጻሜ የሚያሳልፈው ጨዋታ ነበር። ከሺፍት በቀጥታ፣ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ሄጄ ከፔንብሩክ ሰፈር ጎረቤቴ ከእትዬ ለተብርሃን አጠገብ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ማለት እንኳ ውሸት ነው፤ ማን ይቀመጣል? ሦስት ሴኮንድ ሲቀር በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው። ኳሷ ራሔል እጅ ገባች።

«እመቤቴ፣ ይቺን አስገቢልኝና የወርቀ ዘቦ ጥላ አስገባልሻለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ኳሷ ቀለበቱን ሁለቴ ዞራ ገባች! እልልታዬ ጂሙን ሲያናጋው የተሸነፉት ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። አፌን ሳልዘጋ ያ ወረቀት ትዝ አለኝ። በውጤት ላይ ነው? ነው። ዋጋ ያለው ነገር ነው? ወርቀ ዘቦ እኮ ነው! ታዲያ ልጄን በገዛ አፌ አስባረርኳት ማለት አይደል?

እትዬ ለተብርሃን ሳቃቸውን እየዋጡ፣ «ዝም በይ አንቺ! እዚህ ማን አማርኛ ይሰማል?» አሉኝ።

«የተሳልኩላት ትሰማለች» አልኳቸው።

ራሔል ስትሰማ፣ «እማዬ ፕሊስ፣ በሞቴ! ኮቿን እንዳታናግሪያት!» ብላ ክንዴን ያዘች። የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ። እያፈረች እሷው አስተረጎመችልኝ፤ እኔም አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩ።

አሰልጣኟ ረጅም፣ ሳቅ የማታበዛ ሴት ናት። ደንቡን አወጣችና ብንሸነፍ ምን አገኝ እንደነበር ጠየቀችኝ። ምንም፣ አልኩ። ስናሸንፍስ? እኔ እሰጣለሁ። ብዕሯን ጆሮዋ ላይ ሰክታ አሰበች። አሸንፎ የሚከፍል ቁማርተኛ አይታ ስለማታውቅ ይሄ ቁማር አይደለም አለች። ተመስገን! በእግሬ ጣቶች ቆሜ ልስማት ስንጠራራ ጣቷን ቀጥሎ ባለው አንቀጽ ላይ አሳረፈች። ውጤት ለማስቀየር ስጦታ መስጠትም ክልክል ነው። ቅጣቱ ግን የሚያርፈው በተቀባዩ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ጨዋታችን ላይ እንዳይደርስ ይታገዳል።

እመቤቴን በእኔ ጦስ ከጂም ሊያግዷት?

አሰልጣኟ ደንቡን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሷንስ አላግዳትም» አለች። «የፍጻሜው ጨዋታ በየዓመቱ ከሚያሸንፉን ከኤድመንተኖች ጋር ነው።»